ፈረሱ ከመራገጡ በፊት፦ ለፈረስ አከራዮችና ለባለጋሪዎች የውልና የመድን መመሪያ

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” እየተባልን ነው ያደግነው። እውነት ነው፣ አይዋጋም። ግን ይበረግጋል፣ ይራገጣል፣ አንዳንዱም ይነክሳል። ከዚያ በኋላ የሚዋጋው ባለቤቱ ነው፣ ያውም ፍርድ ቤት።

እኔ ሱሉልታ በኩል ቅዳሜና እሁድ ፈረስ አከራያለሁ። አምስት ፈረሶች አሉኝ። ከሁሉም የዋሁ ዳማው፣ ማለትም መልኩ ቀይ ቡናማ የሆነው፣ ነው፤ ሕፃንም ሽማግሌም የማስቀምጠው እሱ ላይ ነበር። አንድ እሁድ ነፋስ አሮጌ ፌስታል አንስቶ እግሩ ሥር ጣለው። በረገገ። አንዲት ወጣት ወደቀች፣ የእጇ አንጓ ተሰበረ። በእኔ እጅ ምን ነበረ? ምንም። የተፈረመ ወረቀት የለም፣ መድን የለም፣ ኮርቻው በጠዋት ስለመፈተሹ የሚመሰክር የእኔው ሠራተኛ ብቻ። ነገሩ በሽማግሌ አለቀ፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ጨዋዎች ስለሆኑ እንጂ እኔ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። የሦስት ወር ገቢዬ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጠበቃም ጠየቅኩ፣ የመድን ቢሮ ደጃፍም ደጋግሜ ረገጥኩ። እንጦጦ ላይ፣ ወንጪ ሐይቅ ዳር፣ ዶዶላ ተራሮች ላይ ፈረስ ለምታከራዩ፣ ቢሾፍቱና ሐዋሳ ጋሪ ለምትነዱ፣ ለሠርግና ለቀረጻ ፈረስ ለምታቀርቡ ይጠቅማል ያልኩትን በየተራው ላስቀምጥ። ጠበቃ አይተካም፤ ጠበቃው ጋ ስትሄዱ ግን ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

አንደኛ፦ ሕጉ ምን እንደሚላችሁ እወቁ

አብዛኛው ባለ ፈረስ “እኔ ምን አጠፋሁ? እንስሳ ነው” ብሎ ያስባል። ሕጉ እንዲህ አያስብም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ሊገመት የማይችል ቢሆንም ያው ነው። ማለት ሌሊት ገመድ በጥሶ ወጥቶ የሰው ማሳ ቢበላ፣ ወይም መንገድ ላይ የቆመ ሰው ቢረግጥ፣ “አላየሁም፣ ተኝቼ ነበር” ማለት አያድናችሁም።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2072 ደግሞ ለአከራይ ትልቅ ነገር ነው። እንስሳውን ተከራይቶ ወይም ተውሶ በእጁ የያዘ ሰው፣ በእሱ እጅ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ራሱ ይጠየቃል። ሠራተኛችሁ ሆኖ የያዘው ከሆነ ግን አይደለም። እስቲ ሥራችሁን በዚህ ዓይን እዩት። ደንበኛው ልጓሙን ይዞ ብቻውን ጋልቦ ሄዶ መንገደኛ ቢገጭ አንድ ነገር ነው። የእናንተ ልጅ ገመዱን ይዞ እየመራው ሳለ ያው መንገደኛ ቢረገጥ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ “ልጓሙን ማን ያዘ?” የሚለው ጥያቄ ከአደጋ በኋላ የሚጠየቅ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ የሚሰፍር ነገር ነው። ያም ሆኖ አትዝናኑ፤ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቋሚ ቦታ ያለውንና የሚታወቀውን ሰው ነው። የአንድ ቀን ደንበኛ አዲስ አበባ ገብቶ ይጠፋል። እናንተ ሜዳው ላይ ናችሁ።

አንድ የሚገርም ድንጋጌም አለ፤ ቁጥር 2074። ባለቤቱ የቤት እንስሳውን ለተጎጂው ለቆ ከኃላፊነት መውጣት ይችላል። “በሬው ወጋህ? በሬውን ውሰድ” እንደማለት ነው። ግን ጥፋቱ የእናንተ ወይም የሠራተኛችሁ ከሆነ ይህ በር ይዘጋል። ኮርቻውን ሆዱ ላይ የሚያስረው ጠፍር ያረጀ ከነበረ፣ ፈረሱ ነካሽ መሆኑን እያወቃችሁ ካሰማራችሁት፣ ፈረሱን ሰጥቶ መገላገል የለም።

የተከራየው ሰው ራሱ ሲወድቅና ሲጎዳስ? እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚታየው በእናንተና በእሱ መካከል ያለው ውል ነው። ውሉ በቃል ከሆነ እሱ ሌላ ይላል፣ እናንተ ሌላ ትላላችሁ። ለዚህ ነው ቀጣዩ ደረጃ የሁሉም እናት የሆነው።

ሁለተኛ፦ አንድ ገጽ ውል አዘጋጁ፣ ከአሜሪካ ግን አትቅዱ

ኢንተርኔት ላይ የፈረስ ግልቢያ ቅጽ ስትፈልጉ የምታገኙት በአብዛኛው የአሜሪካ ነው። “ብሞትም ብቆስልም አልከስም” የሚል ረጅም ነገር። አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ፈረስ በተፈጥሮው አደገኛ መሆኑን ተቀብለው ለባለ ፈረሶች የተለየ ከለላ የሚሰጥ ሕግ አላቸው፤ ወረቀቱ የቆመው በዚያ ሕግ ላይ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በራሱ ጥፋት ከሚመጣ ኃላፊነት አስቀድሞ ራሱን ነፃ ማድረግ አይችልም። ያለ ጥፋት ከሚመጣው ኃላፊነት ግን በስምምነት ነፃ መሆን ይችላል። ስለዚህ “ለማንኛውም ነገር አንጠየቅም” ብሎ የጻፈ አከራይ ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ወረቀቱ አያድነውም። አንዳንዱ ይህን ማስታወቂያ በቀይ ቀለም ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ዛፉ ያሳዝነኛል።

የሚሠራው ወረቀት ሌላ ነው። ደንበኛው ምን እንደተነገረው፣ ምን እንደተሰጠውና ምን እሺ እንዳለ የሚያሳይ። የእኔ አንድ ገጽ እንዲህ ነው የሚነበበው፦ የደንበኛው ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር። ከዚህ በፊት ጋልቦ ያውቃል ወይስ አያውቅም፤ በራሱ እጅ “አላውቅም” ብሎ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፣ ምልክት ማድረግ ብቻ አይበቃም። የትኛው ፈረስ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከየት እስከ የት። ገመዱን የሚይዘው ሠራተኛ ነው ወይስ ራሱ ደንበኛው። የራስ መከላከያ ቆብ ተሰጥቶታል ወይስ አልፈለገም። አስፋልት እንዳይሻገር፣ ሌላ ሰው ከኋላ እንዳያፈናጥጥ፣ ጠጥቶ እንዳይጋልብ ተነግሮታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የጀርባ ወይም የልብ ሕመም ካለ እንዲነገረን ጠይቀናል። ፊርማና ቀን።

ለልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርም። የጎረቤት አክስት፣ የትምህርት ቤት ሾፌር፣ “እኔ ወንድሟ ነኝ” የሚል ጎረምሳ አይበቃም። ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ልጆች ይዞ ከመጣ ከወላጆች የተሰበሰበውን ፈቃድ ቅጂ ተቀበሉ፤ ካላመጡ ፈረሱን ያዩታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ደንበኛ ይከፋል። ይክፋ።

በአማርኛና ሰፈሩ በሚናገረው ቋንቋ አዘጋጁት። ለውጭ ዜጋ እንግሊዝኛውንም ያዙ። ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈን ውል ፈረመ ብላችሁ ብትከራከሩ ዳኛው ፊት ታፍራላችሁ።

የሰው ፈረስ በአደራ የምታሳድሩ ከሆነ ውሉ ሌላ ነው። ቀለቡ በማን፣ ሐኪም የሚጠራው ማን፣ ባለቤቱ ስልኩን ካላነሳ እስከ ስንት ብር ድረስ በራሳችሁ ውሳኔ ታሳክማላችሁ፣ ፈረሱን ማከራየት ይፈቀድላችኋል ወይስ አይፈቀድም። ስትሸጡ ደግሞ የምታውቁትን ጉድለት ጻፉት። ሳል ካለው ሳል አለው በሉ። በኋላ ገዢው “ደብቆኝ ነው” እንዳይል።

ሦስተኛ፦ ደብተር ይኑራችሁ

ይህን ክፍል ሁሉም ይንቀዋል። እኔም ንቄው ነበር። ፍርድ ቤትም ሆነ መድን ድርጅት የሚያምነው አደጋው ከመድረሱ በፊት የተጻፈን ነገር ነው። ርካሽ ደብተር ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ገጽ ስጡ። መልኩ፣ ዕድሜው፣ ከማን በስንት እንደተገዛ፣ ከአራት አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ። እዚህ ላይ የአባቶቻችን ቋንቋ ትልቅ ጥቅም አለው። “ቡናማ ፈረስ” ብላችሁ ከጻፋችሁ በወረዳው ሺህ ቡናማ ፈረስ አለ። “ዳማ፣ ግንባሩ ቦራ (ነጭ ምልክት ያለበት)፣ የኋላ ግራ እግሩ ነጭ” ካላችሁ ግን አንድ ፈረስ ነው። ክትባቱንም መዝግቡ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ስለሚመረት ከወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀበሉ።

ሌላው የጠዋት ፍተሻ ነው። ጠፍር፣ እርካብ፣ ልጓም፣ ኮቴ፣ ጀርባው ላይ ቁስል። አምስት ነገር፣ ሁለት ደቂቃ፣ የፈተሸው ሰው ፊርማ። ለጋሪ ደግሞ ጎማ፣ የጎማው ብሎኖች፣ ቀንበሩና ማሰሪያው፣ ማታ የምትሠሩ ከሆነ አንጸባራቂው።

የመጨረሻው ገጽ ለትንንሽ ክስተቶች ይሁን። ማን ወደቀ፣ ፈረሱ በምን በረገገ፣ ምን አደረግን። “ይሄማ ራስን ማጋለጥ ነው” የሚል ሰው ገጥሞኛል። ከፊል እውነት አለው። አንድ ፈረስ ሦስት ጊዜ ሰው እንደጣለ ጽፋችሁ አራተኛውን ሰው ካስቀመጣችሁበት ደብተሩ ይመሰክርባችኋል። መፍትሔው ግን አለመጻፍ አይደለም፣ ያንን ፈረስ ከኪራይ ማውጣት ነው።

ወረቀቱን ቶሎ አትጣሉ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፣ ከውል የሚመጣው ግን በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ድረስ ሊነሳ ይችላል። ቢያንስ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉት፤ ጋጣ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት አይጥ ይበላዋል።

አራተኛ፦ ልጆቹ

“ልጆቹ” የምንላቸው ገመድ የሚይዙትን ነው። ስሙ ራሱ ችግሩን ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉት ወጣት ሠራተኞች ስለሆኑ ጤናቸውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥራ አይሰጣቸውም። የ13 ዓመት ልጅ ፈረስ እየመራ ደንበኛ ከወደቀ ነገራችሁ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል፤ መድን ቢኖራችሁ እንኳ ድርጅቱ ይህን አይቶ ዝም አይልም።

ሠራተኛው ራሱ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በስተቀር። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ጨርሶ መሥራት ቢሳነው ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ልጅ በዓመት 48,000፣ በአምስት ሲባዛ 240,000 ብር። የስንት ፈረስ ዋጋ ነው? ስለዚህ ሠራተኛችሁን ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አስመዝግቡ። የአሠሪው ድርሻ የደመወዙ 11 በመቶ፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ነው። የጽሑፍ ውል ከሌለ ደግሞ የሥራ ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ልትሰጡት ይገባል። “እንደ ወንድሜ ነው፣ ምን ውል ያስፈልገዋል” የሚባለው ወንድምነት እስከ መጀመሪያው ስብራት ድረስ ነው።

አምስተኛ፦ አሁን መድን ጋ ሂዱ

አሁን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ውልና ደብተር ሳትይዙ ብትሄዱ ወይ አይቀበሏችሁም፣ ወይ አረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍሉትን ዋጋ፣ ይቆልሉባችኋል።

መጀመሪያ ሁለት የተሳሳቱ ሐሳቦችን ላጥፋ። የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ለሞተር ተሽከርካሪ ነው። ጋሪ አይገባበትም። መኪና መጥቶ ጋሪያችሁን ቢገጭ ግን ሦስተኛ ወገን እናንተ ናችሁ፣ የመኪናው መድን ይመለከታችኋል፤ ታርጋውን ያዙ። ሌላው፣ ቦረና ላይ የሚሸጠው የእንስሳት መድን በሳተላይት የሚለካ የግጦሽ ድርቅ መድን ነው። የእናንተ ፈረስ በሆድ ቁርጠት ቢሞት አይከፍልም።

ቢሮው ገብታችሁ “የፈረስ ኢንሹራንስ አላችሁ?” ብትሉ ጸሐፊዋ ፈገግ ትላለች። ጥያቄያችሁን በአራት ከፍላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው የሕዝብ ኃላፊነት መድን ነው፤ ፈረሱ በደንበኛ፣ በመንገደኛ ወይም በሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት። ለአከራይ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ፈረስ ቢሞት አንድ ፈረስ ሞተ ማለት ነው፤ ሰው ቢጎዳ ግን ቤት ይሸጣል። ሁለተኛው የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ወይም የቡድን የአደጋ መድን። ሦስተኛው የፈረሱ የራሱ ሕይወት። አራተኛው ለጋጣና ለድርቆሽ የእሳት መድን፤ በበጋ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ምን እንደሚያደርግ ባለ ድርቆሽ ያውቃል።

የተዘጋጀ የፈረስ ፖሊሲ (የመድን ውል ሰነድ) የለንም ካሏችሁ አትመለሱ። ኃላፊነት መድኑ ላይ “የፈረስ ግልቢያ አገልግሎት” የሚል ሐረግ በግልጽ እንዲጨመር በደብዳቤ ጠይቁ። በአገሪቱ ከ15 በላይ የመድን ድርጅቶች አሉ፤ ቢያንስ ሦስቱ ጋ ሂዱና ዋጋቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፖሊሲ እጃችሁ ሲገባ ከመጨረሻው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ፤ የማይሸፈኑት ነገሮች እዚያ ናቸው። እሽቅድምድም ይሸፍናል? ጉግስስ? ደንበኛ ሳይሆን በነፃ የተቀመጠ ዘመድ? ከሜዳው ውጭ፣ ለምሳሌ ሠርግ ላይ ሙሽራ የጫነ ፈረስ? በአንድ አደጋ የሚከፈለው ጣሪያ ስንት ነው፣ በዓመትስ? ከእናንተ ኪስ መጀመሪያ የሚወጣው ስንት ነው?

የፈረሱን ዋጋ አታጋንኑ። መድን የጠፋን ይተካል እንጂ አያተርፍም። 60,000 የሚያወጣን ፈረስ 120,000 ብላችሁ ብታስገቡ ትርፍ አረቦን ትከፍላላችሁ፣ ሲሞት ግን የሚታየው የገበያ ዋጋው ነው። ምንም ነገር አትደብቁ። ነካሽ ከሆነ ነካሽ ነው በሉ። የደበቃችሁት ከተገኘ ውሉ ሊፈርስባችሁ ይችላል፣ ያኔ ስትከፍሉ የኖራችሁት በከንቱ ነው። እና የመድን ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ወኪሉ በስልክ “ገብቶላችኋል” ቢላችሁ ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ እንዳልገባ ቁጠሩት።

ባለጋሪዎች በማኅበር ብትሄዱ ይሻላል። ለአንድ ጋሪ የማይሠራ ፖሊሲ ለ80 ጋሪ ሊያስደራድር ይችላል። ከዚያ ጎን ለጎን የፈረስ እድር የምታዋጡ ካላችሁ አታፍርሱት፤ መድን ለትልቁ አደጋ፣ እድሩ ፈረስ ሲታመምና ሥራ ሲቆም። የእድሩን ሕግ ግን በደብተር ጻፉት።

ስድስተኛ፦ የአደጋው ቀን

ሰውየውን መጀመሪያ፣ ፈረሱን ቀጥሎ። የወደቀን ሰው ጎትታችሁ አታስነሱ፣ አንገትና ጀርባ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ፈረሶችን አርቁ። ከዚያ ፎቶ፦ ቦታው፣ ኮርቻው እንዳለ፣ ያስበረገገው ነገር። የእኔን ፌስታል ማንም ፎቶ አላነሳውም። የሁለት ምስክር ስልክ ያዙ፣ ከሠራተኞቻችሁ ውጭ ቢሆኑ ይመረጣል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ለፖሊስ አሳውቁ። በቸልተኝነት ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ነገሩ ወንጀልም ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ ደግሞ መድን አይቆምላችሁም፤ ጠበቃ ነው የሚቆመው።

ለመድን ድርጅቱ በዚያው ቀን ደውሉ፣ በማግሥቱ በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። የማሳወቂያው ጊዜ የሚቆጠረው በቀናት ነው፣ ፖሊሲያችሁ ላይ ተጽፏል።

አሁን ከባዱ ነገር። የመድን ውሎች “ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋተኛ ነኝ አትበል፣ ካሳም አትስማማ” ይላሉ። የእኛ ወግ ደግሞ በማግሥቱ ብርቱካን ይዘህ ሆስፒታል ግባ፣ ሽማግሌ ላክ፣ ይቅርታ በል ይላል። ካልሄዳችሁ ቤተሰቡ ይቀየማል፣ የተቀየመ ቤተሰብ ደግሞ ይከሳል። ከሄዳችሁና ብዙ ካወራችሁ ድርጅቱ “አበላሻችሁት” ይላል። እኔ የደረስኩበት መንገድ ይህ ነው። ሂዱ። ጠይቁ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ በሉ፣ ማዘናችሁን አትደብቁ። “ጥፋቱ የእኔ ነው” የሚል ቃል ግን አትናገሩ፣ ምንም ነገር አትፈርሙ። የሕክምና ወጪ ልትሸፍኑ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ለድርጅቱ ንገሩና በቀጥታ ለሆስፒታሉ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ለእርዳታ እንጂ ለካሳ እንዳልሆነ በአንድ መስመር አጽፉ። ሽማግሌዎቹንም አትግፏቸው። የመድን ድርጅቱ ሰው ባለበት እንዲቀመጡ ጠይቁ፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ ከፍርድ ቤት እርቅ ይረክሰዋልና።

እርቁ ሲያልቅ በቃል አትበተኑ። ምን ያህል ተከፈለ፣ ለምን ጉዳት፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ጥያቄ እንደማይነሳ ጻፉ፤ ሁለቱም ወገን ይፈርም፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ይሁኑ። እኔ ይህን አላደረግኩም ነበር። ከአራት ወር በኋላ “ለፊዚዮቴራፒ” ተብሎ ስልክ ተደወለልኝ፣ ከፈልኩ። ዳማው አሁን ከኪራይ ወጥቶ ውኃ ያመላልሳል፣ ፌስታል ሲያይ አሁንም ጆሮውን ያቆማል።